ስንዴው ቤተልሔም ከመድረሱ በፊት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከጎጃም የመጡ ናቸው። አንዷ ስለ ስንዴ፣ ሌላዋ ስለ ጧፍ፣ ሌላዋ ስለ ልጇ ክርስትና ጽፋለች። ከሁሉም ሥር ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ በቤተ ክርስቲያን የሴት ድርሻ እስከ የት ነው? ስለዚህ መልሶቻችን ሥርዓት የሆነውን ከአጥቢያ ልማድ እየለዩ ሄደዋል።

«ታላቅ ወንድሜ የአብነት ተማሪ ነው። “ሴት በቤተ ክርስቲያን ከማብሰል በቀር አገልግሎት የላትም፤ ጳውሎስም ዝም ትበል ብሏል” እያለ ያሳፍረኛል። መጽሐፉ የሚለው ይህን ብቻ ነው?»
ከደብረ ማርቆስ

ወንድምሽ የጠቀሰው ቃል 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34 ላይ አለ፤ አልፈጠረውም። ግን በዚያው መልእክት 11፥5 ላይ ሐዋርያው የምትጸልይና ትንቢት የምትናገር ሴት ራሷን እንድትከናነብ ያዝዛል። ዝምታው ሁሉን የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ስለ መከናነቡ መናገር ባላስፈለገው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያላነበበ ተማሪ ገና ትርጓሜ ቤት አልደረሰም ማለት ነው፤ ይህንን በትሕትና ንገሪው።

ቀጥሎ ሮሜ 16ን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ። የሰላምታው መጀመሪያ በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረችው ፌቤን ናት። ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር አጵሎስን ያህል አንደበተ ርቱዕ ወስዳ የጌታን መንገድ አጥርታ አስረድታዋለች (ሐዋ. 18፥26)። ቀይ ሐር ትሸጥ የነበረችው ልድያ ቤቷን ለሐዋርያት ከፍታለች። ጴጥሮስ ከወኅኒ ሲወጣ የሄደው ብዙዎች ተሰብስበው ወደሚጸልዩበት ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነው። ጌታ በየከተማው ሲያስተምር መግደላዊት ማርያም፣ የኩዛ ሚስት ዮሐናና ሶስና በገንዘባቸው ያገለግሉ እንደነበር ሉቃስ 8፥3 ይናገራል። ማብሰሉንም ቢሆን ወንድምሽ አይናቀው፤ ጣቢታ መርፌና ክር ይዛ መበለቶችን ስታለብስ ኖራ ነው ጴጥሮስ ከሞት ያስነሣት።

በእኛ ትውፊት የጌታ ቤተሰብ 120 ተብሎ ሲቆጠር 12ቱ ሐዋርያት፣ 72ቱ አርድእትና 36ቱ ቅዱሳት አንስት ናቸው። ሠላሳ ስድስቱን አውጥቶ የሚቆጥር ሰው ድምሩ 84 ላይ ይቀርበታል።

ክህነት የወንድ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። መቅደስ ገብቶ መቀደስ የካህናትና የዲያቆናት ድርሻ ነው። ነገር ግን መቅደሱ ክህነት የሌለውን ወንድንም አያስገባም፤ ስለዚህ «ሴት ስለሆነች ተከለከለች» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በጥንት ጊዜ አዋቂ ሴቶች ሲጠመቁ የምትረዳ ዲያቆናዊት እንደነበረች የሥርዓት መጽሐፍ የሆነው ዲድስቅልያ ይመሰክራል። ዕውቀትን፣ ምንኩስናን፣ ገዳም መምራትን፣ ቤተ ክርስቲያን ማሳነጽን ደግሞ ከሴት የከለከለ የለም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። መርጡለ ማርያምን ያሳነጸችው ንግሥት እሌኒ ናት፤ በልብነ ድንግል ልጅነት ዘመን መንግሥቱን የመራችው እሷው ነች። በጣና ላይ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሳነጸችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። ክርስቶስ ሠምራ ልጆች የወለደች ባለትዳር ነበረች፤ ከቡልጋ ተነሥታ በጣና ዳር ጓንጉት ላይ ተጋድላለች፤ በዓሏም ነሐሴ 24 ይከበራል። ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ባወጁ ጊዜ ከንጉሡ ሹማምንት አንዱ የነበረውን ባሏን ትታ ወጣች፤ ከተከታዮቿ ጋር ዘጌን ጨምሮ በጣና ዙሪያ ማኅበራት አቋቁማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። ወንድምሽ ቅኔ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩትን ዓይነ ሥውሯን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን መምህሩን ይጠይቅ። ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው የተማሩት ወንዶች ናቸው።

«ለመገበሪያ ብዬ 5 ኪሎ ስንዴ ከገበያ ገዝቼ ወሰድሁ። የተቀበለኝ ዲያቆን ዘግኖ አየና “ይህ ለሰንበቴ ይሁን” ብሎ ለየው። ስንዴው ወፍራምና ጥሩ ነው። ጥፋቴ ምንድን ነው?»
ከቢቸና

እናታችን፣ ስጦታዎ አልተናቀም። ለሰንበቴ ዳቦ የሚሆን ስንዴ ሁሉ ለመገበሪያ፣ ማለትም ለቅዳሴው ኅብስት፣ አይሆንም። የገበያ ስንዴ ብዙ ጊዜ ከልዩ ልዩ ማሳ የተቀላቀለ ስለሆነ ገብስ፣ ሲናርና እንክርዳድ አይጠፋበትም። እንክርዳድ በወንጌል ምሳሌ ስለተጠቀሰ ብቻ አይደለም የሚጠላው፤ ከዱቄት ጋር ሲፈጭ ራስ ያዞራል፣ ያስክራል። ዲያቆኑ ሲዘግን ያየው ይህንን ሊሆን ይችላል።

ከራስዎ ማሳ ወይም ከሚያውቁት ገበሬ ማግኘት ከሁሉ ይሻላል። አውድማው ላይ እንደተወቃ፣ ጎተራ ሳይገባ፣ የመገበሪያው ድርሻ ቀድሞ ይለይ። ምክንያቱ የበኵራት ወግ ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙ ቤት በጆንያና በጎተራ የነቀዝ ክኒን ይጨመራል፤ ክኒኑ መርዘኛ ጋዝ አውጥቶ ግራጫ አመድ የመሰለ ትርፍ ይተዋል። እንዲህ ያለ ስንዴ ለቤትም ቢሆን ሳይናፈስና ሳይጣራ አይነካም፤ ለመገበሪያማ ፈጽሞ አይታሰብም። ለዘር የተዘጋጀ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ስንዴም ታጥቦ የማይለቅ መድኃኒት አለበት። ቀለሙ ቢለቅ እንኳ መድኃኒቱ ለቀቀ ማለት አይደለም።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሰፌድ አበጥረው ገለባውን ያስወጡ፤ ቀጥለው አንገዋልለው ቀላሉን ወደ ዳር ይለዩ። ከዚያ በወንፊት ነፍተው አፈሩንና ደቃቃውን የአረም ፍሬ ያውርዱ። ሦስተኛው የእጅ ለቀማ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ወይም ትሪ ላይ ከአንድ እፍኝ ሳይበልጥ እየዘረጉ፣ በቀን ብርሃን ይልቀሙ። ከእፍኝ በላይ ሲሆን ዓይን ይደክምና እንክርዳዱ ያልፋል፤ የሚሳሳቱት ብዙዎች እዚህ ላይ ነው። የተሰበረውን፣ የጨነገፈውን፣ ነቀዝ የበሳውንና ጥቁር ነጥብ ያለውን ያውጡ። ሁለት ሴቶች ሆነው ቢለቅሙ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ትሪ ደግማ ትይ።

ማጠብን በተመለከተ አጥቢያው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሳይታጠብ ተረክቦ ራሱ ያጥባል። ቀድመው ይጠይቁ። ካጠቡም ስንዴውን ውኃ ውስጥ አያቆዩት፤ ቶሎ አለቅልቀው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገው ያስጡ፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ይድረቅ። እርጥበት ይዞ ከረጢት የገባ ስንዴ ይሻግታል ወይም ያቆጠቁጣል። ለመገበሪያ የተለየ ስንዴ ስለማይቀመስ ድርቀቱን በጥርስ ሳይሆን በጥፍር ይፈትኑት፤ ጥፍር ሳይገባበት ጠጣር ከሆነ ደርቋል።

ዘቢብም የሚጨምሩ ከሆነ ጥቁሩን፣ ሽታው ያልተለወጠውን ይምረጡ። ከሱቅ የሚገዛው አንዳንዱ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል። ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ ውኃ ዘፍዝፈው ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ካንሳፈፈ ይተዉት።

ይህ ሁሉ ልፋት ማን እንደሚሠራው አስተውለዋል? በብዙ የገጠር አጥቢያ ዱቄቱን የሚፈጩት ያረጡ መነኮሳይት ናቸው። ዲያቆኑ ቤተልሔም ወደሚባለው ቤት ገብቶ ኅብስቱን የሚያዘጋጀው ከለቃሚዎቹና ከፈጪዎቹ እጅ ተቀብሎ ነው። ለቀማው የላላ ከሆነ ጠጠሩ የሚገኘው መቅደስ ውስጥ ነው።

«የ13 ዓመት ልጄ ዳዊት ደግማለች፤ ቅኔ መማር ትፈልጋለች። ጎረቤት “ሴት ልጅ ቅኔ ቤት ምን ታደርጋለች” ይላል። ከየት ትጀምር?»
ከአዴት

ዳዊት ከደገመች ግማሹን መንገድ ሄዳለች። ጎረቤቱን ለመመለስ ከላይ የጠቀስናቸው እማሆይ ገላነሽ ይበቃሉ። የሚከብደው የጎረቤት ወሬ ሳይሆን መኖሪያዋ ነው። ወንዱ ተማሪ ቅኔ ቤቱ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል፤ ሴት ልጅ እንዲህ ትኑር ማለት አደጋ ነው። መምህሩን ከማነጋገርዎ በፊት በአካባቢው የሚኖሩ መነኩሲት ወይም ዘመድ ቤት ያግኙላት። ስንቋን ከቤት በወር በወር ይላኩ፤ በቀን ትምህርቷን ሰምታ በጊዜ ትመለስ። መደበኛ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ መጀመሪያውን በክረምት ማድረግም ይቻላል።

ከቅኔው በፊት ግሥ ይቀድማል። ግሥ ሳያረባ ወደ ቆጠራ የዘለለ ተማሪ ጉባኤ ቃና ላይ ያለ ችግር ሄዶ ከዚያ ላይ ይቆማል፤ ቃሉ ያጥረዋልና። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ናት፣ ዘአምላኪየ 3፣ መወድስ 8። የዕለቱን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ስትነግር የሚታረመው ሁለት ነገር ነው፦ አገባቡና ምሥጢሩ። አገባቡ የተበላሸ ቅኔ ምሥጢሩ ቢያምርም ይመለሳል። ሰም ከወርቅ መለየት እስክትጀምር ድረስ አይቸኩሉባት።

«ሴት ልጅ ወልጄ 5 ሳምንት ሆነኝ። አማቴ 80 ቀን እስኪሞላ ከቤት አትወጪም፣ ጸሎትም አይገባሽም ይላሉ። ሴት ስለሆነች ነው ሁለት እጥፍ የሚርቀው? ልጅቱ ብትታመምስ?»
ከፍኖተ ሰላም

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናትም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። መሠረቱ ኦሪት ዘሌዋውያን 12 ነው። ለቁጥሩ መጽሐፈ ኩፋሌ ምክንያት ይሰጣል፦ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ። ስለዚህ 80ው የሴት ልጅን ርኵሰት እጥፍ አያደርግም። ወደ ገነት የመግባቷን ቀን ይቆጥራል።

«ጸሎት አይገባሽም» የሚለው ግን ሥርዓት አይደለም። ቤትሽ ሆነሽ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ፤ የቃል ጸሎትም አድርሺ። «ከቤት አትወጪም» የሚለውም በጤና ጣቢያ ላይ አይሠራም። አማትሽ ለደግ አስበው ነው፤ ቢሆንም ልጅቱ በተወለደች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት አላት። 80 ቀን 11 ሳምንት ተኩል ያህል ስለሆነ ሁለቱ ክትባቶች ከክርስትናው በፊት ይውላሉ፤ የመጀመሪያው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ነው። ጾምንም በተመለከተ የምታጠቢ እናት ስለሆንሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እሳቸው እንደ አቅምሽ ያቀሉልሻል። ራስሽ ፈርደሽ መጾምም መብላትም አይበጅም።

ልጅቱ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዛት ቀኑ ሳይጠበቅ ትጠመቃለች፤ ካህን ጥሩ፣ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዷት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ለ80ኛው ቀን ክርስትና እናት ቀድመሽ ምረጪ። የተጠመቀች፣ የምትቆርብ ብትሆን መልካም ነው፤ አንቺ ወይም አባቷ መሆን አትችሉም። ክርስትና እናቷ በልጅቱ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች፤ ስለዚህ ቃሉን ቀድማ ብታጠና በዕለቱ አትደናገጥም። ማዕተብ፣ ነጭ ልብስ፣ ደረቅ ጋቢና ቅያሪ ያዙ። ልጅቱ በዚያው ዕለት ስለምትቆርብ ጡት የምታቆሚበትን ሰዓት ከካህኑ ጠይቂ። ክርስትና ስሟን ከወጣ በኋላ ጻፊው፤ ብዙ እናት ረስታው በተክሊል ጊዜ ስትፈልግ ትቸገራለች።

«ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም ተባልን፤ ጀልባ ላይ ቀረን። ይህ ከላይ ከምትሉት ጋር አይጋጭም?»
ከባሕር ዳር

አይጋጭም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ናቸው፤ እገዳው የመነኮሳቱ ኑሮ ሥርዓት ነው። ከክብራን አጠገብ ባለው እንጦስ ኢየሱስ መነኮሳይት አሉበት። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በደብረ ማርያም ሴቶች ገብተው ይሳለማሉ። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ለይታችሁ ተነሡ፤ ጀልባ ነጂው ሁልጊዜ አይነግራችሁም።

«የሴቶች ማኅበራችን በየወሩ ለአጥቢያችን ጧፍ ይሠራል። ጧፉ ይንጣጣል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ካህናቱ መጋረጃው ጠቆረ ይሉናል።»
ከዳንግላ

ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸው። መንጣጣቱ ከሰሙ፣ ጭሱ ከፈትሉ ወይም ከቅልቅሉ ይመጣል።

ሰሙን የምታገኙት ከጠጅ ሰፈፍ ከሆነ ማር፣ ጌሾና ውኃ ይዟል። ሰፈፉን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የጠራ ውኃ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ድስት ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አቅልጡት፤ መንተክተክ የለበትም። የብረት ድስት ሰሙን ያጠቁረዋል፤ ኢናሜል የተቀባ ወይም የአልሙኒየም ድስት ይሻላል። ሲቀልጥ በጨርቅ አጥልሉት፣ ክዳን አድርጋችሁ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ጠዋት ሰሙ እንደ ዳቦ ረግቶ ከውኃው ላይ ይነሣል። ከሥሩ የተጣበቀውን ግራጫ ዝቃጭ በቢላ ፋቁት፤ ዝቃጩ ካልተፋቀ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ጊዜ ደግማችሁ አቅልጡት። የረጋውን ሰም ለ2 ወይም 3 ቀን በጥላ አስቀምጣችሁ ውኃው ይውጣለት። ብዙዎቹ የሚንጣጡ ጧፎች ይህ ዕረፍት የተዘለለባቸው ናቸው።

ፈትሉ የጥጥ ብቻ ይሁን። ጥጥ መስሎ ከሱቅ የሚመጣው ክር ሰው ሠራሽ ከተቀላቀለበት ይቀልጥና ይጠቁራል፤ ጫፉን በክብሪት ሞክሩት፣ ጥጥ አመድ ሲሆን ሌላው ጠጥሮ ይኮማተራል። ለቀጭን ጧፍ 3 ወይም 4 ክር ላላ አድርጋችሁ ግመዱ። ፈትሉ ሲወፍር ሰሙን ከሚችለው በላይ ስቦ ይጨሳል፤ ሲቀጥን በቀለጠው ሰም ሰጥሞ ይጠፋል። ከመንከራችሁ በፊት ፀሐይ ይምታው።

ሰም በ60 ዲግሪ ሴልሺየስና ጥቂት በላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ውኃ ባለበት ሰፊ ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጣችሁ አቅልጡ። ቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ከጨሰ ሊቀጣጠል ነው። ቢቀጣጠል ውኃ አታፍስሱበት፤ እሳቱን ይረጨዋል። ክዳን ግጠሙበት። ፈትሉን በቀለጠው ሰም ውስጥ ጎትታችሁ አውጡ፣ ይቀዝቅዝ፣ ድገሙት፤ 3 ወይም 4 ጊዜ ይበቃል። ለብ እያለ በለሰለሰ እርጥብ ጣውላ ላይ በመዳፍ አንከባሉት።

ፓራፊን ወይም ሞራ መጨመር ዋጋውን ያረክሰዋል፤ ጧፉ ግን ሙቀት ባለበት ይታጠፋል፣ ይንጠባጠባል፣ መጋረጃውም ይጠቁራል። ከሦስት ቅይጥ ጧፍ አንድ ንጹሕ ይሻላል። ካህናቱ በቁጥር ማነሱን ይቀበሉታል፤ ብትነግሯቸው ነው የሚሻለው።

«ሰበካ ጉባኤ ተመርጬ ገባሁ። ሥራ ሲከፋፈል ሁልጊዜ የሚደርሰኝ መስተንግዶ ነው። ሕጉ ለሴት ሌላ ቦታ የለውም?»
ከደብረ ኤልያስ

አለው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጣ፤ እሳቸውም ያገርሽ ሰው ናቸው። ጉባኤው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ነው፤ ሴቶች በምእመናኑም በወጣቶቹም በኩል ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ። ገንዘብ መያዝ፣ ሒሳብ መመርመር፣ ንብረት መመዝገብ ክህነት አይጠይቅም።

በክርክር ከመጀመር ይልቅ ማንም ያልያዘውን ሥራ ያዢ። በብዙ አጥቢያ በዓይነት የሚገባው አይመዘገብም፦ ስንዴ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ። ይህንን ከሴቶቹ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያመጡት እነሱ ናቸውና። አንድ መዝገብ ገዝተሽ ቀን፣ የዕቃ ዓይነት፣ ልክ፣ ያስገባ፣ የተረከበ የሚሉ አምስት ዓምዶች አስምሪ። ወጪውንም በዚያው ጻፊ። ሁለተኛው የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ነው፤ ሳጥኑ ቢያንስ ሦስት ሰው ባለበት ይከፈት፣ ብሩ በየዓይነቱ ተቆጥሮ ድምሩ በዚያው ወረቀት ይጻፍ፣ ሦስቱም ይፈርሙ፣ ለባንክ የገባበት ደረሰኝ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ። ሦስት ወር እንዲህ የያዘችን ሴት ጉባኤው ወደ ወጥ ቤት አይመልሳትም። ቢመልሳት ራሱ ይጎዳል፤ መዝገቡን ማን ይይዝለታል?

መስተንግዶውንም ሙሉ በሙሉ አትተዪው፤ ለወንዶቹም አካፍዪ። ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ የሴት ብቻ ነው የሚል ቀኖና የለም።

«የማርያም ማኅበር ሲደርሰኝ ድፎው ላዩ ያርራል፣ መሀሉ ጥሬ ይሆናል። 25 ሰው አለን። ስንት ልጋግር?»
ከሞጣ

ለ25 ሰው 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃዎታል። 3 ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 ብርጭቆ እርሾ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ። ሲጋገር 7 ኪሎ ገደማ ዳቦ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ማኅበሩ ጾም ላይ ከዋለ ቅቤና እንቁላል አይግባበት።

መሀሉ ጥሬ የሚሆነው ሁሉን በአንድ ድፎ ስለሚጋግሩት ይመስለናል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ከአራት ጣት በላይ መወፈር የለበትም፤ ለሁለት ይክፈሉት። ሌላው ምክንያት እሳት ነው። ከላይ ክዳኑ ላይ የሚደረገው ፍም ይሁን እንጂ ነበልባል አይሁን፤ ከታች ያለውም ምጣዱ ከጋለ በኋላ ይቀነስ። የኮባውን መሀል ዐጥንት ፍቀው እሳት ላይ ለብለብ ካደረጉት ሳይቀደድ ይታጠፋል፤ የተቀደደ ኮባ ባለበት በኩል ሊጡ ቀድሞ ያርራል። ሊጡ ከመጠን በላይ ከኮመጠጠም ይተኛል፣ ጥሬም ይመስላል፤ በሙቅ ቀን ሌሊቱን ሙሉ አያሳድሩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንደዶ መሀሉ ላይ ሰክተው ያውጡ፤ ሊጥ ከያዘ ሩብ ሰዓት ይጨምሩ። ሲያወጡት ጀርባውን በጣት ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ኮባውን እስኪቀዘቅዝ አይግለጡ። ቄሱ መጥተው ጸሎት ሳያደርሱም አይቁረሱት፤ ለማኅበርተኛው ከመታደሉ በፊት የነዳያኑ ድርሻ ተለይቶ በሌላ ሰሐን ይቀመጥ።